ስለ ዛፍ ሥር አቆራረጥና ስለ መጋዝ መኪና ምርጫ

ለሐይቅና ለአምባሰል መንደር መምህራንና ሽማግሎች

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። የዛፍን ነገር ግን ከሥሩ ለመያዝ የሚያስቸግረውን ያህል የሚያስቸግር ሥራ ጥቂት ነው፤ ግንዱን በግማሽ ቀን የጣለ ሰው ጉቶውን በሳምንት ላይነቅለው ይችላልና። ባሕር ዛፍ የቆመበትን መሬት ወደ እህል ወይም ወደ ፍራፍሬ ሊመልስ የተነሣ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ ተቆርጦ የቀረ ሥር ማረሻውን ሰብሮበታል፥ በሬውንም አስነክሶበታል። ስለዚህ በየቅሬው ስብሰባ «ገንዘብ አዋጥተን ብርቱ የመጋዝ መኪና እንግዛ» የሚል አሳብ በተነሣ ጊዜ፥ ምክሩን የሚመሩት ሽማግሎችና ሒሳቡን የሚጽፉት መምህራን አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባቸውን በዚህ ጽፈናል። በገበያ ቼንሶው የሚባለውን፥ በቤንዚን ሞተር የሚዞር ሰንሰለት ያለውን መጋዝ እኛ በዚህ ትምህርት የመጋዝ መኪና እንለዋለን።

ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «ከሁሉ የሚበረታው የትኛው ነው?» እያለ ነው። ጥያቄው ለግንድ ቆራጭ መልካም ነው። ለሥር ቆራጭ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሊሆን አይገባም፤ ምክንያቱም ግንድ በአየር ላይ የቆመ ንጹሕ እንጨት ሲሆን፥ ሥር በአፈርና በጠጠር ውስጥ የተቀበረ እንጨት ነው። ስል የሆነ ሰንሰለት በንጹሕ ግንድ ላይ ብዙ ሰዓት ይሠራል፤ ያው ሰንሰለት አፈር ወይም ድንጋይ የነካ እንደ ሆነ ግን በጥቂት ሰከንድ ይደንዛል። የደነዘውን ሰንሰለት ደግሞ የሞተር ብርታት አይስለውም፤ ይልቁንም ብርቱው ሞተር የደነዘውን ጥርስ በኃይል እየፈተገ ብረቱን ያግለዋል፥ እንጨቱንም ያጨሰዋል፥ ቤንዚኑንም በከንቱ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሥር የሚቆርጥ ሰው አስቀድሞ አፈሩን፥ ቀጥሎ ጥርሱን፥ ከዚያም በኋላ ሞተሩን ማሰብ አለበት።

ስለ ባሕር ዛፍ ጉቶ ጠባይ

ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ስሙም ከዚያው ወጣለት። በደጋው ነጭ ባሕር ዛፍ፥ ዝቅ ባለውና ሞቅ ባለው ስፍራ ቀይ ባሕር ዛፍ ይበዛል። ሁለቱም ሲቆረጡ አይሞቱም። ጉቶው ከአፈር ጋራ በሚገናኝበት አንገቱ ላይ የተሸሸጉ የቡቃያ ዓይኖች አሉ፤ ግንዱ የተቆረጠ እንደ ሆነ እነዚያ ዓይኖች ይነቁና ብዙ ቀጫጭን ልጆች ያወጣሉ። ይህ ጠባይ አጣናና ማገር ለሚሸጥ ሰው በረከት ነው፤ አንድ ጊዜ ተክሎ ደጋግሞ ይቆርጣልና። መሬቱን ለጤፍ ለሚፈልግ ሰው ግን በየዓመቱ የሚታደስ ዕዳ ነው።

ከዚህ ውስጥ ለሥራችን የሚጠቅም አንድ ነገር ይገኛል። የባሕር ዛፍ ልጅ የሚወጣው ከአንገቱ ነው እንጂ፥ በማሳው ሁሉ ከተዘረጋው ከሩቁ ሥር አይደለም። ስለዚህ ሥሩን ሁሉ ተከትሎ እስከ ጫፉ መቆፈር አያስፈልግም። አንገቱን ከእነ ጉቶው አውጥቶ፥ የቀረውንም ሥር ማረሻ ከሚደርስበት በታች፥ ማለት ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ መቁረጥ ይበቃል። በአፈር ውስጥ የቀረው ሥር ከጊዜ በኋላ በስብሶ አፈር ይሆናል። ይህን ያልተረዳ ሰው ግን ሥሩን ሁሉ ላውጣ ሲል ጉልበቱንም ቤንዚኑንም ይፈጃል፥ ማሳውንም ጉድጓድ በጉድጓድ ያደርገዋል።

ሌላው ነገር ዛፉ ገና ሳይወድቅ የሚታሰብ ነው። ብዙ ሰው ግንዱን ከመሬት አስተካክሎ በዝቅታ ይቆርጠዋል፤ ለማጣና ለማገዶ አንድ ክንድ እንጨት አተረፍሁ ይላል። ጉቶውን ለመንቀል ላሰበ ሰው ግን ይህ ትርፍ አይደለም። ጉቶው እስከ ደረት ከፍ ብሎ ቢቀር ራሱ መፈንቅል ይሆናል፤ ከላይ ገመድ አስረው በአንድ ወገን ያሉትን ሥሮች ከቆረጡ በኋላ ሰዎች ተባብረው ወይም በሬ ጠምደው ሲስቡት፥ የቀሩትን ሥሮች ይዞ ይነሣል። በዝቅታ የተቆረጠ ጉቶ ግን መያዣም መሳቢያም የለውም፤ ዙሪያውን ቆፍሮ ሥር በሥር ከመቁረጥ በቀር ሌላ መንገድ አይገኝለትም። ብርቱ መኪና ያስፈልገናል የሚያሰኘውም አብዛኛውን ጊዜ ይህ በዝቅታ መቁረጥ ነው።

ጊዜውም ይመረጣል። ከክረምት መውጣት በኋላ፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር፥ መሬቱ ገና ሳይደርቅ ዶማ በቀላሉ ይገባል፥ ጭቃውም እንደ ሐምሌ አያስቸግርም። በበጋ ማለቂያ የደረቀ የባሕር ዛፍ ጉቶ ግን እንደ ቀንድ ይጠነክራል፤ እርጥቡን መቁረጥ ይሻላል።

ስለ ሰንሰለቱና ስለ ጥርሱ

የመጋዝ መኪና ታሪክ ረጅም አይደለም። ጀርመናዊው አንድሬአስ ስቲል በ1929 በፈረንጅ አቆጣጠር የሠራው የቤንዚን መጋዝ 46 ኪሎ ይመዝን ነበርና ሁለት ሰዎች ይሸከሙት ነበር። የዚያን ጊዜው ሰንሰለት ጥርሱ እንደ እጅ መጋዝ እየፋቀ ስለሚሄድ ቶሎ ቶሎ መሳል ይፈልግ ነበር። በ1946 ግን ጆሴፍ ኮክስ የሚባል አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ በኦሪገን አገር ማገዶ ሲፈልጥ በአንድ ጉቶ ውስጥ የጥንዚዛ ትል ሲያኝክ አየ። ትሉ በሁለት ጎባጣ መንጋጋዎቹ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፥ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እየቀረፈ በእንጨቱ ውስጥ ያለ ችግር ያልፍ ነበር። ሰውየውም ያንን መንጋጋ አስመስሎ፥ አንዱን ጥርስ ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ ያጎነበሰ ሰንሰለት ሠራ፤ ዛሬ በዓለም ያለው ሰንሰለት ሁሉ ማለት ይቻላል የዚያ ልጅ ነው። ለተማሪዎች ይህን መንገር መልካም ነው፤ በጉቶ ውስጥ ያለችን ትል ተመልክቶ ጥበብ ያገኘ ሰው መኖሩን ሲሰሙ እነርሱም ዓይናቸውን ይከፍታሉ።

አሁን በገበያ ያለው ጥርስ ሁለት ዓይነት መሆኑን ገዢው ይወቅ። አንደኛው ማዕዘኑ እንደ መሮ ጠርዝ የሾለ ነው፤ በንጹሕ እንጨት ላይ ከሁሉ ይፈጥናል፥ ነገር ግን አፈር ያየ እንደ ሆነ ያች የሾለች ማዕዘን ወዲያው ትሰበራለች። ሁለተኛው ማዕዘኑ ዞር ያለ ነው፤ ፍጥነቱ ጥቂት ያንሳል፥ ስለቱ ግን በአፈርና በቆሻሻ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቈያል፥ ለመሳልም ይቀላል። ለሥር ሥራ የሚሆነው ይህ ሁለተኛው ነው። ነጋዴው የመጀመሪያውን «ብርቱው ይህ ነው» ብሎ ቢያሳይ አልዋሸም፤ የሚናገረው ስለ ግንድ ነውና። ጫፉ ላይ እጅግ ጠንካራ ብረት የተለጠፈበት ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ አፈርን የሚችል እርሱ ነው፤ ግን ዋጋው ብዙ ነው፥ በተራ ሞረድም አይሳልም። የሚስልበት የአልማዝ ድንጋይ በሌለበት አገር ያን መግዛት ምንም አይጠቅምም።

ሰንሰለቱ ስል መሆኑ የሚታወቀው ከሚጥለው ነው። ስል ሰንሰለት ፍቅፋቂ ይጥላል፤ የደነዘው እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ይጥላል፥ ሰውየውም መኪናውን በጉልበት እየተጫነ ይሠራል። ብናኝ የታየ እንደ ሆነ ወዲያው አቁሞ መሳል ነው። በትልልቆቹ መኪኖች ላይ ያለው ባለ 3/8 ኢንች ሰንሰለት በ5.2 ሚሊሜትር ክብ ሞረድ፥ ባለ 0.325 ኢንቹ በ4.8 ሚሊሜትር ሞረድ ይሳላል። ሞረዱ በጥርሱ ጀርባ ላይ የተቀረጸውን ሰያፍ መስመር ተከትሎ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ሁሉም ጥርስ እኩል ቁጥር ይሞረዳል፥ ለምሳሌ ሦስት ሦስት ጊዜ። ያለ ሞረድ መኪና መግዛት ያለ ወስፌ ጫማ ሰፊ እንደ መሆን ነው፤ ስለዚህ ቅሬው በመኪናው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ትርፍ ሰንሰለትና አምስት ስድስት ሞረድ አብሮ ሊገዛ ይገባዋል። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ከሞተሩ ብርታት ይቀነስ እንጂ ከእነዚህ አይቀነስ።

ሥሩንም ማጠብ ያስፈልጋል፤ ይህን ብዙ ሰው ይስቅበታል። ዙሪያውን በዶማና በገሶ ቆፍሮ፥ ከሥሩ በታች አንድ ስንዝር ባዶ አድርጎ፥ በጀሪካን ውሃ አፍስሶ በብሩሽ ማሸት፥ ቢቻልም የሚቆረጥበትን ቦታ ልጡን በመጥረቢያ መላጥ ይገባል፤ ጠጠሩ የሚሸሸገው ከልጡ ውስጥ ነውና። አንድ ጀሪካን ውሃ አንድ ሰንሰለት ያተርፋል።

ስለ ሞተሩ ኃይል

አሁን ወደ ተጠየቀው ነገር እንመለስ። የሞተር ትልቅነት የሚለካው በሲሊንደሩ ይዞታ ነው፤ ይኸውም በኩብ ሴንቲሜትር፥ በገበያ ቋንቋ በሲሲ ይነገራል። በአንዳንድ ርካሽ መኪና ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከእውነቱ የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ መምህሩ ከመመሪያው መጽሐፍ የሲሊንደሩን ወርድና የፒስተኑን ምልልስ አይቶ ራሱ ማስላት ይችላል። የወርዱን ግማሽ በራሱ አብዝቶ፥ በ3.14 አብዝቶ፥ በምልልሱ ማብዛት ነው። ወርዱ 4.5 ሴንቲሜትር፥ ምልልሱ 3.4 ሴንቲሜትር ቢሆን፥ 2.25 በ2.25፥ በ3.14፥ በ3.4 ሲባዛ 54 ይሆናል። እንግዲህ በላዩ «58» ተብሎ ቢለጠፍበትም መኪናው ባለ 54 ነው። ወርዱ 5 ሴንቲሜትር፥ ምልልሱ 3.6 የሆነው ደግሞ 70.65 ይሰጣል። ይህ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪ መልካም የሒሳብ ትምህርት ነው፤ የክብ ስፋት ምን ያደርግልናል ለሚል ልጅም መልስ ይሆናል።

ኃይሉ በኪሎዋት የተጻፈ እንደ ሆነ አንድ የፈረስ ጉልበት 736 ዋት መሆኑን አስታውሶ ማካፈል ነው፤ 3.9 ኪሎዋት 5.3 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሆናል። ነገር ግን ይህ ቁጥር በባሕር ወለል አጠገብ የተለካ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ ሞተሩ ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። የሐይቅ አገር ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ያ 3.9 ኪሎዋት መኪና በዚህ የሚሰጠው 3.1 ያህል ነው፤ በአምባሰል ተራራ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ለቆላ አገር በቂ የሆነው ትንሽ መኪና ለእኛ ጥቂት ይደክማል። ይህ የፋብሪካው ጉድለት አይደለም፥ የከፍታው ነው።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛና ሞተሩ ይታፈናል፥ ካንዴላውም ይጠቁራል። በካርቡራተሩ ላይ ማስተካከያ ብሎን ያለው መኪና በሚያውቅ መካኒክ እጅ ጥቂት ይጠበባል። አብዝቶ ያጠበበው ግን ፒስተኑን ያቃጥለዋል። በዚህ አገር ከፍታ የተስተካከለው መኪና ወደ ቆላ ሲወርድ እንደገና መስተካከል አለበት።

እንግዲህ ስንት ይበቃል? ለባሕር ዛፍ ጉቶና ለወፍራም ሥር፥ በዚህ አገር ከፍታ፥ ከ60 እስከ 70 ሲሲ ያለው ሞተር ከ40 እስከ 45 ሴንቲሜትር ምላስ ጋራ ይበቃል። ምላስ ያልነው ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅሙን ብረት ነው። ከ100 ሲሲ በላይ ያለው፥ ሞተሩ ብቻ 10 ኪሎ ያህል የሚመዝነው፥ ለታላላቅ ግንድና ለሳንቃ መሰንጠቂያ የተሠራ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ጉድጓድ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ወገቡን የሚሰብር ነው። ረጅም ምላስም ብርታት ይመስላል፥ ግን አይደለም። በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ረጅሙ ምላስ ጫፉ የት እንዳለ አይታይም፤ አፈርም ድንጋይም የሚነካው ያ ያልታየው ጫፍ ነው። ወፍራሙን ሥር በአጭር ምላስ ከሁለት ወገን መቁረጥ ይሻላል። ባለ 45 ሲሲ የሆነው ትንሹ መኪና ቅርንጫፍና አጣና ለመቁረጥ መልካም ነው፤ ለጉቶ ግን እየጋለ ይቸገራል። በባትሪ የሚሠራም አለ፤ ድምፁ ያነሰ ነው፥ ለመከርከሚያም ይመቻል፥ መብራት በማይደርስበት ማሳ ላይ ቀኑን ሙሉ ጉቶ ሊቆርጡበት ግን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ፥ ክንድ የማያህል ሥር ለመኪና የተገባ አይደለም። እርሱን ሹል መጥረቢያ በጥቂት ምት ይበጥሰዋል፥ መጥረቢያ ድንጋይ ቢመታም በሞረድ ይመለሳል። በደቦ ወይም በወንፈል የተሰበሰቡ አሥር ሰዎች በዶማ፥ በመጥረቢያና በገመድ በቀን የሚነቅሉትን ጉቶ አይቶ መኪናው ለየትኛው ሥር እንደሚፈለግ መቍጠር ከግዢው በፊት የሚደረግ ነው። በአንድ ጉቶ ላይ መኪና የሚሹት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ወፋፍራም ሥሮች ብቻ ይሆናሉ። ጥቂት ጉቶ ብቻ ያለበት መንደር መኪና ከመግዛት ባለ መኪና መቅጠር ይሻለዋል።

በገበያ ሲገዙ

የታወቁትን የስቲልንና የሁስክቫርናን መኪኖች ስምና ቀለም አስመስለው የሚሸጡ ሐሰተኞች ስለ አሉ፥ ርካሽ ሆኖ ያገኙትን ታዋቂ ስም በጥርጣሬ ይመልከቱት። ከስሙ ይልቅ መለዋወጫው በደሴ ገበያ መገኘቱን ይጠይቁ፤ ሰንሰለቱ፥ ካንዴላው፥ የአየር ማጣሪያውና የማስነሻ ገመዱ። አየር ማጣሪያ በተለይ በሥር ሥራ ላይ ቶሎ በአቧራ ይሞላል፥ ስለዚህ ያለ መሣሪያ በእጅ የሚከፈት ይመረጣል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩ ሳይነሣ የማስነሻውን ገመድ ይዞ መኪናውን ያንጠልጥል። ጤነኛ ሞተር ክብደቱን ይይዛል ወይም በዝግታ ይወርዳል፤ ያረጀው ግን ገመዱን እየለቀቀ ወዲያው ይወድቃል። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥቶ የሰንሰለቱን ፍሬን ይፈትን፤ የፊተኛው መከላከያ ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱ በቅጽበት መቆም አለበት። ፍሬኑ የማይዝ መኪና በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ።

ነዳጁ የቤንዚንና የሁለት ምት ሞተር ዘይት ድብልቅ ነው። ለዚህ የተሠራው ጥሩ ዘይት ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊሊትር፥ ማለት አንድ ለ50፥ ይጨመራል፤ ለአንድ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ 20 ሚሊሊትር ማለት ነው። የመመሪያው መጽሐፍ አንድ ለ25 ያለ እንደ ሆነ ዕጥፍ ይጨመራል። ያለ ዘይት ቤንዚን ብቻ የተሰጠው ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል፥ ጥገናውም አዲስ የመግዛትን ያህል ነው። የሰንሰለቱ ዘይት ሌላ ነው፤ የመኪና የተቃጠለ ዘይት በዚያ ማፍሰስ የተለመደ ቢሆንም፥ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ምላሱን ይበላዋል፥ አፈሩንም ያበላሻል።

ስለ አደጋው

የሰንሰለቱ ፍጥነት በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ነው። የምላሱ ጫፍ የላይኛው ወገን አንዳች ጠንካራ ነገር የነካ እንደ ሆነ መኪናው ሰው ከማሰቡ በፊት ወደ ኋላና ወደ ላይ ዘሎ በፊትና በአንገት ላይ ይመጣል። በግንድ ሥራ ላይ ይህ በጥንቃቄ ይሸሻል፤ በሥር ሥራ ግን ጫፉ አፈር ውስጥ ስለሚገባ፥ ድንጋዩ ወይም ሌላው ሥር ሳይታይ ይጠብቀዋል። አጭር ምላስ ይሁን፥ ከሥሩም በታች ባዶ ይቆፈር ያልነው ስለዚህም ነው። የግራ እጅ አውራ ጣት የፊተኛውን መያዣ ዞሮ መያዝ አለበት፤ ሠራተኛውም ከምላሱ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ይቁም። የዓይን መነጽር፥ የጆሮ መከላከያ፥ ጠንካራ ጫማና የጭን መከላከያ ሱሪ ከመኪናው ዋጋ ጋራ አብረው የሚቈጠሩ ናቸው። በሸራ ጫማና በነጠላ ጉቶ ሊቆርጥ የሚነሣውን ጎልማሳ ሽማግሎች ሊከለክሉት ይገባል፤ ገንዘብ በሌላ ዓመት ይገኛል፥ እግር ግን አይገኝም።

ነፋስ ገንድሶ ከእነ ሥሩ የጣለው ዛፍ ከሁሉ የከፋ ነው። ግንዱ ከሥሩ በተለየ ጊዜ የተነሣው የሥር ግድግዳ ከእነ አፈሩ ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ይቆማል፤ በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ሰው ይቀብረዋል። በእንደዚህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ልጆች እንዳይጫወቱ መምህራን ዛሬውኑ ይንገሩ፤ ይህ መኪና ቢገዛም ባይገዛም የሚነገር ነው።

ጉቶው የማይነቀልበት ስፍራ

መኪናው ከመጣ በኋላ ሁሉን ጉቶ የመንቀል ፍላጎት ይመጣል። ነገር ግን ተዳፋት ላይ ያለ ጉቶ አፈሩን የያዘ ካስማ ነው። ከሐይቁ በላይ ባለው ዳገትና በአምባሰል ገደላ ገደል ላይ ጉቶ በነቀልን ጊዜ፥ የመጀመሪያው የሐምሌ ጎርፍ የተፈታውን አፈር ይዞት ይወርዳል። የሐይቅ ውሃ ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ስለዚህ በጎርፍ የገባው አፈር እዚያው ይቀራል። በተዳፋቱ ላይ ባሕር ዛፉን ለማጥፋት የሚፈልግ ሰው ጉቶውን ሳይነቅል ልጆቹን በየጊዜው እየቆረጠ ቢያደክመው፥ በመካከሉም አገር በቀል ዛፍ ቢተክል፥ ሥሩ ቀስ ብሎ ሲበሰብስ አዲሱ ሥር ቦታውን ይይዛል። ይህ ዓመታት ይፈልጋል። ለጥ ባለው ማሳ ላይ ግን መንቀሉ አይጎዳም፤ ጉድጓዱን በዚያው ሳምንት መልሶ መሙላት ነው፥ አለዚያ ለከብት እግር ወጥመድ ይሆናል።

በየደብሩና በየመስጊዱ ግቢ ያሉት ወይራዎችና ጥዶች ለዚህ መኪና አይደሉም። በሐይቅ እስጢፋኖስ፥ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳም ባደረጉት ስፍራ፥ የዛፍን ጥላ ማክበር የቆየ ነገር ነው፤ ቀሳውስቱና ሼኾቹ በአንድ ቅሬ ተቀምጠው ይህን ከመኪናው ግዢ ጋራ አብረው ቢወስኑት ኋላ ክርክር አይነሣም። መኪና ሲቀርብ እጅ ይፈጥናልና ውሳኔው ቀድሞ ይጻፍ።

ስለ መዝገቡ

የጋራ መኪና ቶሎ የሚበላሸው ጌታ ስለ ሌለው ነው። የቅሬው ዳኛ አንድ የሠለጠነ ሰው፥ ቢበዛ ሁለት፥ ስማቸውን አስጽፎ ይሹም፤ ከእነርሱ በቀር ማንም አያስነሣው። መኪናው ቤንዚኑ ተቀድቶ፥ ሰንሰለቱ ተስሎና ዘይት ተቀብቶ፥ ከእሳት በራቀ ቤት በቁልፍ ይቀመጥ። መምህሩም አንድ ደብተር ከፍሎ ይህን በየጊዜው ይጻፍ፤ መኪናው የወጣበትን ቀን፥ የሄደበትን ማሳ፥ የተነቀለውን የጉቶ ብዛት፥ የፈጀውን ድብልቅ በሊትር፥ ሰንሰለቱ ስንት ጊዜ እንደ ተሳለ፥ የተጠቀመውም ሰው የከፈለውን ገንዘብ። ጥርሱ እየተሞረደ አጥሮ፥ ከአራት ሚሊሜትር በታች የሆነ ሰንሰለት ከአገልግሎት ይወጣል፤ የወጣበትም ቀን ይጻፋል። ከአንድ ዓመት በኋላ ደብተሩ ተደምሮ በቅሬው ፊት ይነበብ፤ ለአንድ ጉቶ ስንት ሊትርና ስንት ገንዘብ እንደ ወጣ ከታየ በኋላ፥ ሁለተኛ መኪና ይገዛ ወይስ አሥር መጥረቢያ ይገዛ የሚለው ጥያቄ በዚያ ቀን ይወሰናል።